ከልጆች ጋር የምናያቸው የአያት ቅድመ አያት ፊልሞች፦ የትኛው ለየትኛው ቤት?

ስለ ሞቱ ዘመዶችና ስለ ቤተሰብ ውርስ የሚተርኩ የልጆች ፊልሞች ባለፉት 30 ዓመታት ውስጥ በርክተዋል። የሜክሲኮ የሙታን ቀን፣ የቻይናውያን የአያቶች መቅደስ፣ የፖሊኔዥያ ባሕረኞች፣ የጃፓን የፋኖስ በዓልና የኮሎምቢያ ተፈናቃዮች ቤት በየተራ በአኒሜሽን ቀርበዋል። ለወላጅ ግን ምርጫው ግራ ያጋባል። ማስታወቂያው ሁሉ ፊልሙ «ስለ ቤተሰብ ፍቅር» እንደሆነ ይናገራል፤ ገብተው ሲያዩት አንዱ ለሙታን ማዕድ ያቀርባል፣ ሌላው ከአያቶች መንፈስ እርዳታ ይለምናል፣ ሌላው ደግሞ መንፈስ የሚባል ነገር ሳያነሳ ከአያት ስለሚወረስ ቁስል ብቻ ይናገራል።

ወላጆች ስለ እነዚህ ፊልሞች ሲጠይቁኝ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ነገር ያነሳሉ፤ «ከእምነታችን ጋር ይጋጫል ወይ?» እና «ልጁን ያስፈራዋል ወይ?»። ሁለቱም ተገቢ ጥያቄዎች ስለሆኑ ከዚህ በታች እመልሳቸዋለሁ። እኔ ግን ከሁለቱም የማስቀድመው አለ፤ ልጁ ፊልሙን አይቶ ሲጨርስ ቤት ውስጥ ላሉት ትልልቅ ሰዎች የሚያቀርበው ጥያቄ ይኖረዋል ወይ? በሥዕል ውበቱ የሚደነቅ ፊልም ልጁን ከሶፋው ሳያነሳው ሊያልቅ ይችላል። ለእኔ ጥሩው ፊልም ልጁን ወደ አያቱ የሚልከው ነው።

መመዘኛዎቹ

የመጀመሪያው መመዘኛ፣ በፊልሙ ውስጥ ያሉት ሕያዋን ለሞቱ ዘመዶቻቸው የሚያደርጉት ነገር ምን ዓይነት ነው የሚለው ነው። ሙታኑ ይለመናሉ፣ ይታሰባሉ፣ ወይስ ትተውት የሄዱት ነገር ይወረሳል? ሦስቱም በጅምላ «አያቶችን ማክበር» ይባላሉ፤ በእምነት ዓይን ሲታዩ ግን በጣም ይራራቃሉ። ክርክሩም ረጅም ዕድሜ አለው። በ17ኛውና በ18ኛው ክፍለ ዘመን ቻይና የነበሩ የካቶሊክ ሚስዮናውያን፣ ሰዎች በአያቶቻቸው የስም ሰሌዳ ፊት የሚያቀርቡት ዕጣንና ስግደት አምልኮ ነው ወይስ የልጅ አክብሮት በሚል ለሁለት ተከፍለው ነበር፤ ሮም በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ሥርዓቱን ከለከለች፣ በ1939 ደግሞ ፈቀደች። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በእኛ ዘንድ በኦርቶዶክስ ቤት ፍትሐት፣ አርባ፣ ሰማንያና ሙት ዓመት አለ፤ ጸሎቱ ግን ለሞተው ሰው የሚቀርብ እንጂ ወደ ሞተው ሰው የሚቀርብ አይደለም። በሙስሊም ቤትም ለሟች ዱዓ ይደረጋል። በፕሮቴስታንት ቤት ለሟች መጸለይ ራሱ የለም። እያንዳንዱ ቤት መስመሩን የሚያሰምርበት ቦታ ስለሚለያይ፣ እኔ የምሞክረው ፊልሙ ከመስመሩ በየትኛው በኩል እንደቆመ መናገር ብቻ ነው።

ሁለተኛው፣ ፊልሙ ታሪኩን ለተዋሰበት ሕዝብ ምን ያህል ታማኝ ነው የሚለው ነው። ልጅ የሌላውን ሕዝብ ልማድ ከፊልም ሲማር፣ የትኛው እውነተኛ ልማድ እንደሆነና የትኛውን ደራሲዎቹ እንደፈጠሩት የሚነግረው ሰው ያስፈልገዋል። ሦስተኛው ሞት የሚታይበት መንገድ ሲሆን፣ አራተኛው ልጁና ቤተሰቡ ሲጋጩ በመጨረሻ የሚለወጠው ማን ነው የሚለው ነው። ይህ አራተኛው መመዘኛ ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን «ልጅ ሁልጊዜ ትክክል ነው፣ ሽማግሌ ሁልጊዜ ተሳስቷል» የሚል ፊልም ስለ ቅርስ ምንም ያህል ቢዘምር ቅርስን አያስተምርም። የመጨረሻው ተግባራዊ ነገር ነው፤ ርዝመቱ፣ እንግሊዝኛ የማይችል አዛውንት ሊከተለው መቻሉና የሚገኝበት ወጪ።

«ኮኮ»

በ2017 ፒክሳር ያወጣው ይህ ፊልም 105 ደቂቃ የሚወስድ ሲሆን፣ ዳይሬክተሩ ሊ አንክሪች፣ ተባባሪ ዳይሬክተሩ አድሪያን ሞሊና ናቸው። የ12 ዓመቱ ሚጌል የሚኖረው ሙዚቃ በተከለከለበት የጫማ ሠሪዎች ቤተሰብ ውስጥ ነው፤ በሙታን ቀን ወደ ሙታን ዓለም ይገባና ከቅድመ አያቱ እናት ከኢሜልዳ ጀምሮ በፎቶግራፍ ብቻ የሚያውቃቸውን ዘመዶቹን በአካል ያገኛቸዋል።

በዓሉ እውነተኛ ነው። ሜክሲኮዎች በኖቬምበር 1 በሕፃንነታቸው የሞቱትን፣ በኖቬምበር 2 ደግሞ በአዋቂነት የሞቱትን ያስባሉ፤ ልማዱ ስፔናውያን ከመምጣታቸው በፊት የነበረውን ሥርዓት ከካቶሊኮች የቅዱሳን በዓል ጋር ያዋሐደ ነው፤ ዩኔስኮም በ2008 በማይዳሰስ ቅርስነት መዝግቦታል። በፊልሙ የሚታየው «ኦፍሬንዳ» የሚባለው የመታሰቢያ ገበታ፣ ከነፎቶው፣ ከነሻማው፣ ከነምግቡና ከነብርቱካናማው አበባው በየቤቱ የሚዘረጋ ነው። ፎቶው ያልተሰቀለለት ሟች በድንበር ጠባቂዎች ተይዞ ይመለሳል የሚለው ግን የደራሲዎቹ ፈጠራ ስለሆነ ለልጆች መለየት ይገባል። በዚህ ፊልም ታሪክ ውስጥ ወላጆች ሊያውቁት የሚገባ አንድ ነገር አለ፤ ዲዝኒ በ2013 የበዓሉን የስፓኒሽ ስም በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ ጠይቆ፣ በአሜሪካ ያሉ የሜክሲኮ ተወላጆች ክፉኛ ስለተቃወሙት ጥያቄውን አንስቷል። ከዚያ በኋላ ከተቃዋሚዎቹ አንዱ የነበረው የካርቱን ሠዓሊ ላሎ አልካራስ በአማካሪነት ተቀጥሯል። የፊልሙ ጥንቃቄ ከዚህ ተግሣጽ የመጣ ይመስለኛል፤ ሜክሲኮ ውስጥም ከአሜሪካ ቀድሞ ታይቷል።

ይህን ፊልም ከእናቴና ከልጆቼ ጋር ነው ያየሁት። እናቴ እንግሊዝኛ ስለማትችል ጎኗ ተቀምጬ አስተረጉምላት ነበር። ሙታኑ መጥተው ከገበታው ሲወስዱ ስታይ ቅር አላት፤ «ዝክር እኮ ድሃ ነው የሚበላው፤ ለሙትማ ምን ያደርግለታል?» አለች። ልጆቹ ይህን ከሰሙ በኋላ ፊልሙ ቆመ። እኛ ቤት በአያታቸው ተዝካር ላይ ማን ማን እንደበላ፣ ጠላው ስንት ጋን እንደነበር፣ ቄሶቹ ምን እንዳሉ ሲጠየቅ ግማሽ ሰዓት ሄደ። ፊልሙን በሌላ ቀን ነው የጨረስነው፤ ለእኔ ግን ሥራውን የሠራው ያን ዕለት ነበር። ልዩነቱ ራሱ መነጋገሪያ ሆነ።

ወደ መጨረሻው ያለው ትዕይንት በዝርዝር ሊነገር ይገባዋል። የሚጌል ቅድመ አያት ማማ ኮኮ የመርሳት ሕመም ይዟት የራሷን ልጅ እንኳ መለየት ትቸገራለች። ሚጌል አባቷ በልጅነቷ ይዘፍንላት የነበረውን ዘፈን በቀስታ ሲያንጎራጉር፣ በመጀመሪያ የምትንቀሳቀሰው ጣቷ ብቻ ናት፤ ከዚያ ከንፈሯ ይከተላል፤ ከዚያ በተሰባበረ ድምፅ አብራው ትዘፍናለች። ቀጥላም ከመሳቢያው ከደብተር መካከል አንዲት ቁራጭ ወረቀት ታወጣለች፤ ከቤተሰቡ ፎቶ ላይ ተቀድዶ የነበረው የአባቷ ፊት ነው። ይህን ስናይ እናቴ ትርጉም አልጠየቀችኝም።

ድክመት አለው። ታሪኩ በመርዝ የተፈጸመ ግድያ ላይ የተመሠረተ ስለሆነ ትንንሽ ልጆች ይረበሻሉ፤ አጽሞቹ ግን በቀለምና በሳቅ ስለተሞሉ እንደሚፈራው አያስፈሩም። በአራተኛው መመዘኛ ደግሞ ጠንካራ ነው፤ ቤተሰቡ በሙዚቃ ላይ የጣለውን እገዳ ያነሳል፣ ሚጌልም ያመልከው የነበረው ዝነኛ ሰው ከቤቱ ሰዎች እንደማይበልጥ ይረዳል። ሁለቱም ወገን ይለወጣል። በ2018 በኦስካር የምርጥ አኒሜሽንና የምርጥ ዘፈን ሽልማቶችን ያገኘ ቢሆንም፣ እኔ የምመርጠው ለሽልማቱ ሳይሆን ስምን ከነታሪኩ መያዝ ሥራ እንደሆነ በግልጽ ስለሚያሳይ ነው።

«ሞአና»

ሮን ክሌመንትስና ጆን መስከር በ2016 ያዘጋጁት የ107 ደቂቃ ፊልም ነው። የደሴት አለቃ ልጅ የሆነችው ሞአና ደሴቲቱን ከከበበው የኮራል ዐለት ውጭ እንዳትወጣ በአባቷ ተከልክላለች። አያቷ ታላ ግን ከፏፏቴ በስተጀርባ ወዳለ ዋሻ ትልካታለች፤ በዋሻው ውስጥ የአባቶቿ ትልልቅ ጀልባዎች ተደብቀው ይገኛሉ። ሕዝቡ ከባሕረኞች የተወለደ መሆኑን ረስቶት ኖሯል።

ከታሪኩ በስተጀርባ እውነተኛ ነገር አለ። የፖሊኔዥያ ሕዝቦች አባቶች ከ3000 ዓመታት ገደማ በፊት ቶንጋና ሳሞአ ከደረሱ በኋላ ወደ ምሥራቅ የሚደረገው ጉዞ ከ1000 ዓመት በላይ ለሚሆን ጊዜ እንደቆመ ብዙ ተመራማሪዎች ይናገራሉ፤ ፊልሙ ለዚያ ቆይታ በተረት መልክ ምክንያት ይሰጠዋል። ያለ ኮምፓስ፣ በኮከብ፣ በማዕበልና በወፍ እየተመሩ መቅዘፍም እውነተኛ ጥበብ ነው። በ1976 «ሆኩሌአ» የተባለችው በጥንታዊ አሠራር የተሠራች ጀልባ በማይክሮኔዥያዊው ማው ፒያይሉግ መሪነት ከሃዋይ እስከ ታሂቲ ተጉዛ ይህን አስመስክራለች። ፊልሙ በማኦሪኛና በታሂቲኛም ተተርጉሟል። በሌላ በኩል የብዙ ደሴቶችን ባህል አደባልቆ አንድ ማድረጉና በፖሊኔዥያ ዘንድ የተከበረውን ግማሽ አምላክ ማዊን ወፍራም ጉረኛ አድርጎ መሣሉ ከፓስፊክ ሕዝቦች ወቀሳ አስከትሏል፤ የማዊን ንቅሳት ያሳይ የነበረው የልጆች መጫወቻ ልብስም ፊልሙ በወጣበት ዓመት ከገበያ ተነስቷል።

ከፊልሙ የማልረሳው ነገር ድንጋዮቹ ናቸው። በተራራው ጫፍ እያንዳንዱ አለቃ በዘመኑ አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ ከቀደመው ድንጋይ በላይ ያስቀምጣል፤ ስለዚህ ክምሩ የደሴቲቱ የዘር ሐረግ ነው። አባቷ ገና በልጅነቷ «አንቺም አንድ ቀን ድንጋይሽን ታኖሪያለሽ» ይላታል። በመጨረሻ ሞአና በክምሩ ጫፍ ላይ የምታስቀምጠው ከባሕር ያመጣችውን ዛጎል ነው። የአባቶቿን ክምር አታፈርሰውም፤ ከላይ የምትጨምረው ግን የራሷን ነው። ስለ ቅርስ ከዚህ የተሻለ ምስል በልጆች ፊልም ውስጥ አላየሁም፤ ልጅ ደግሞ ሳይብራራለት ይገባዋል።

የአያቷ ሞት በለሆሳስ የቀረበ ነው፤ ከሞተች በኋላ ማንታ በሚባለው ጠፍጣፋ ትልቅ ዓሣ መልክ ባሕሩን እያበራች ልጅቷን ትሸኛታለች፣ አንድ ጊዜም በጀልባው ላይ መጥታ ታጽናናታለች። ለእምነት የሚጠነቀቅ ቤት ግን ከአያቲቱ ይልቅ ማሰብ ያለበት ስለ ማዊና ስለ ቴ ፊቲ ነው፤ አንዱ ግማሽ አምላክ፣ ሌላዋ አምላክ ሆነው ነው የቀረቡት። ይህን እንደ ሌሎች ሕዝቦች ተረት ለልጅ ማስረዳት ይቻላል፤ ሳያስረዱ መተው ግን አይገባም።

«ሙላን»

የ1998ቱ አኒሜሽን 88 ደቂቃ ይወስዳል። ከሁሉም ፊልሞች ይልቅ «አያቶችን መለመን» በግልጽ የሚታየው እዚህ ላይ ነው፤ አባትየው በቤተሰቡ መቅደስ ተንበርክኮ ልጁን እንዲረዷት አያቶቹን ይለምናል፣ ሙላን በአባቷ ፈንታ ወደ ጦር ሜዳ ስትሄድም አያቲቱ ጥበቃቸውን ትጠይቃለች። ከዚያ መናፍስቱ ከስም ሰሌዳዎቻቸው ተነስተው ይሰበሰቡና ልጅቷ ያዋረደችን በአንተ ወገን ነው፣ አይደለም በአንቺ ወገን ነው እያሉ ይጣላሉ።

እዚህ ላይ ቅሬታ አለኝ። አያቶቹ የቀረቡት ለሳቅ ነው። በቻይና ለአያቶች ዕጣን ማጠንና በኤፕሪል መጀመሪያ በሚውለው የቺንግሚንግ በዓል መቃብር መጥረግ እስከ ዛሬ በጥንቃቄ የሚፈጸም ሥርዓት ነው፤ ፊልሙ ግን ጨቅጫቃ ሽማግሌዎች አድርጓቸዋል። ከዚህም በላይ የታሪኩ መሠረት በሆነው ጥንታዊ የቻይና ግጥም ውስጥ አያቶች ጣልቃ አይገቡም፤ ሙላን የምትዘምተው ስለ አባቷ ብላ ራሷ ወስና ነው። ይሁን እንጂ መጨረሻው ጥሩ ነው፤ ያመጣችለትን የንጉሠ ነገሥቱን ስጦታና የጠላትን ሰይፍ አባቷ መሬት ላይ ጥሎ ልጁን ያቅፋታል። ለእድሜ የሚጠነቀቁ ወላጆች ደግሞ የተቃጠለውንና ማንም ያልተረፈበትን መንደር፣ በበረዶው ላይ የወደቀችውን የልጅ አሻንጉሊት ጨምሮ፣ ቀድመው ይዩት። በአሜሪካ ለሁሉም ዕድሜ ተፈቅዷል መባሉ አያዘናጋችሁ። በ2020 የወጣው በእውነተኛ ተዋንያን የተሠራው ቅጂ የተለየ ፊልም ስለሆነ እዚህ አልመዘንኩትም።

«ኩቦ ኤንድ ዘ ቱ ስትሪንግስ»

ላይካ የተባለው ስቱዲዮ በ2016 አሻንጉሊቶችን በእጅ እያንቀሳቀሰ፣ አንድ አንድ ሥዕል እያነሳ የሠራው ፊልም ሲሆን ዳይሬክተሩ ትራቪስ ናይት ነው። አንድ ዓይና የሆነው ኩቦ ከታመመች እናቱ ጋር በጃፓን ባሕር ዳርቻ ይኖራል። በመንደሩ በዓል ሰዎች ፋኖስ ይዘው ወደ መካነ መቃብር ሄደው የሞቱ ዘመዶቻቸውን ያነጋግራሉ፤ ይህ የጃፓኖችን የኦቦን በዓል ተከትሎ የተሠራ ነው። ኩቦም የወረቀት ፋኖሱን አቁሞ አባቱን ይጠራል። ሌሎቹ ፋኖሶች ሲበሩ የእርሱ አይበራም። ልጁ ተቆጥቶ ፋኖሱን ይጨፈልቀዋል።

ይህች ትዕይንት ብቻዋን ለብዙ ልጆች እውነተኛ ናት፤ ሌሎቹ ፊልሞች ሙታኑን ሁልጊዜ መልስ እንዲሰጡ ያደርጋሉ፣ ይህ ግን ዝምታውንም ያሳያል። ሁለቱም ወላጆች በልጁ ፊት ስለሚሞቱና ጠላቱ የገዛ አያቱ ስለሆነ ከ10 ዓመት በታች ላለ ልጅ አልመክረውም። ወላጁን በቅርቡ ላጣ ልጅ ደግሞ ጨርሶ አይሆንም። ዋና ዋናዎቹ የድምፅ ተዋንያን ጃፓናውያን ሳይሆኑ ነጮች መሆናቸው በጊዜው ተተችቷል፤ ትችቱም ትክክል ነው። ለታዳጊ ልጅ ግን ማስታወስ ማለት ታሪክን መልሶ መናገር እንደሆነ ከዚህ ፊልም በላይ የሚያስተምር አላገኘሁም።

«ኤንካንቶ»

በ2021 የወጣ፣ 102 ደቂቃ የሚወስድ የኮሎምቢያ ቤተሰብ ታሪክ ነው። አያት አልማ በወጣትነቷ ሦስት መንታ ሕፃናት ታቅፋ ከታጣቂዎች ስትሸሽ ባሏ ፔድሮ በወንዝ ዳር ይገደላል፤ ይዛው የነበረችው ሻማ በተአምር ይበራና ለቤተሰቡ ቤትና ልዩ ልዩ ስጦታ ይሰጣል። ስጦታ ያልተሰጣት የልጅ ልጇ ሚራቤል ብቻ ናት።

በዚህ ፊልም መንፈስ አይጠራም፣ ለሙታን ማዕድ አይቀርብም፤ የፔድሮ ሥዕል ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ይታያል እንጂ። ስለዚህ በመጀመሪያው መመዘኛ ጥብቅ አቋም ላላቸው ቤቶች ከሁሉም የቀለለው ይህ ነው፤ የሻማው ተአምር ግን እንዳለ ይታወቅ። የሚያነሳው ውርስ ግን ከባድ ነው። በስደት ያለፈች ሴት ዳግመኛ ምንም እንዳታጣ ስትል ልጆቿን ፍጹም እንዲሆኑ ታስጨንቃለች። ከጦርነት፣ ከቀይ ሽብር ዘመን፣ ከሱዳን በረሃ አልፈው የመጡ ወላጆችና አያቶች ያሉበት ቤት ይህን ለማወቅ አስተርጓሚ አያስፈልገውም።

ደግሞ ብሩኖ አለ። መጥፎ ነገር አስቀድሞ ስላየ ስሙ በቤቱ እንዳይነሳ ተደርጓል፤ ሸሽቷል ተብሎ ሲታመን ግን የሚኖረው በግድግዳው ውስጥ ነው። በመመገቢያ ክፍሉ ግድግዳ ማዶ ለራሱ ጣውላ አቁሞ፣ የራሱን ሳሕን በላዩ ላይ ሥሎ፣ ቤተሰቡ ሲበላ እርሱም በስንጥቁ እያየ አብሯቸው ይበላል። ስሙ የማይነሳ አጎት ወይም አክስት የሌለበት ቤተሰብ ስንት ነው? ልጆች ይህን ካዩ በኋላ የሚያነሱት ጥያቄ ወላጅን ሊያስጨንቅ ይችላልና መልሱን አስባችሁ ተቀመጡ።

«ተርኒንግ ሬድ» እና «ዘ ላየን ኪንግ»

«ተርኒንግ ሬድ» በ2022 በዶሚ ሺ የተዘጋጀ፣ 100 ደቂቃ የሚወስድ ፊልም ነው። ቶሮንቶ የምትኖር የ13 ዓመት ልጅ ቤተሰብ ሱን ዪ የተባለች ቅድመ አያታቸው የምትከበርበትን መቅደስ ይጠብቃል፤ ከእርሷ የወረሱት ኃይል ግን በየትውልዱ የሚያሳፍር ሆኖ ሲደበቅ ኖሯል። በባዕድ አገር ለሚያድግ ታዳጊ፣ በተለይ ለሴት ልጅ፣ እጅግ ቅርብ የሆነ ታሪክ ነው። ስለ ወር አበባና ስለ ወንዶች በግልጽ ስለሚያነሳ ግን ከትንንሽ ልጆችና ከአያት ጋር አንድ ላይ ተቀምጦ ማየት ለብዙ ቤተሰቦች አይመችም። እናቶች ከልጆቻቸው ጋር ለብቻ ቢያዩት ይሻላል።

«ዘ ላየን ኪንግ» (1994፣ 88 ደቂቃ) የቀደሙ ነገሥታት በከዋክብት ሆነው ያዩናል የሚል ሐሳብ አለው፤ ነገር ግን ከየትኛውም ሕዝብ ሥርዓት ያልተወሰደ ስለሆነ ስለ እውነተኛ ልማድ የሚያስተምረው የለም። የአባትየው ሞት ደግሞ በልጁ ዓይን ፊት የሚሆን ነው። ቤት ውስጥ ካለ ይታይ፤ ለዚህ ጉዳይ ብሎ ለመግዛት ግን አልመክርም።

በአጭሩ ሲታዩ

| ፊልም | ርዝመት | ለቀደሙት የሚደረገው | ከባዱ ትዕይንት | የሚለወጠው | የምመክረው ዕድሜ |
|---|---|---|---|---|---|
| ኮኮ | 105 ደቂቃ | መታሰቢያ፣ ማዕድ | ግድያ በመርዝ | ሁለቱም ወገን | ከ7 ጀምሮ |
| ሞአና | 107 ደቂቃ | ውርስ፣ የአያት መንፈስ | የእሳት ጭራቅ | አባትና ሕዝቡ | ከ6 ጀምሮ |
| ሙላን | 88 ደቂቃ | ልመና በመቅደስ | የተቃጠለ መንደር | አባትና አገሩ | ከ7 ጀምሮ |
| ኩቦ | 101 ደቂቃ | መታሰቢያ፣ ንግግር ከሙታን ጋር | የሁለት ወላጆች ሞት | ልጁና አያቱ | ከ10 ጀምሮ |
| ኤንካንቶ | 102 ደቂቃ | ውርስ ብቻ | የፔድሮ ሞት፣ የቤቱ መፍረስ | አያትና ቤተሰቡ | ከ6 ጀምሮ |
| ተርኒንግ ሬድ | 100 ደቂቃ | አክብሮት በመቅደስ፣ ውርስ | የእናትና የልጅ ጠብ | ሁለቱም ወገን | ከ11 ጀምሮ |
| ዘ ላየን ኪንግ | 88 ደቂቃ | ከከዋክብት ምክር | የአባት ሞት | ልጁ | ከ6 ጀምሮ |

ዕድሜዎቹ የእኔ ግምት ናቸው፤ ልጁን የሚያውቀው ወላጁ ነው።

ለየትኛው ቤት የትኛው?

አንድ ፊልም ብቻ ለማየት ጊዜ ያለው ቤተሰብ «ኮኮ»ን ይምረጥ። በተለይ የመርሳት ሕመም የያዛቸው አያት ያሉበት ቤት፣ ልጆቹ ከእርሳቸው ጋር እንዴት እንደሚቀመጡ ሳያውቁ ሲሸሹ ከታዩ፣ የማማ ኮኮ ትዕይንት ብዙ ምክር ይተካል። ለሙታን ማዕድ ማቅረብ በምንም መንገድ እንዳይታይ የሚፈልግ ቤት «ኤንካንቶ»ን ይውሰድ። በቅርቡ አያታቸውን ላጡ ልጆች «ሞአና» የተሻለ ነው፤ ወላጃቸውን ላጡ ግን «ኩቦ»ንና «ዘ ላየን ኪንግ»ን ለጊዜው አርቁ፣ ሌሎቹንም ቢሆን ብቻችሁን አይታችሁ ወስኑ። ከአገር ቤት የመጡ እንግሊዝኛ የማይችሉ አያት አብረው ከተቀመጡ «ሞአና» በምስል ብዙ ስለሚናገር ለአስተርጓሚው ይቀልለታል፤ «ኤንካንቶ» ደግሞ በፈጣን ዘፈን ውስጥ ብዙ ታሪክ ስለሚያልፍ ይከብዳል። ለአምስትና ለስድስት ዓመት ልጅ ከ100 ደቂቃ በላይ ረጅም ስለሆነ በሁለት ቀን ከፍሎ ማየት ነውር የለውም።

ስለ ወጪ፣ ከሰባቱ ስድስቱ የዲዝኒና የፒክሳር ሥራዎች ስለሆኑ አገልግሎቱ ባለበት አገር የዲዝኒ ፕላስ የአንድ ወር ክፍያ ለሁሉም ይበቃል፤ ለዓመት መግባት አያስፈልግም። ክረምትን ወይም የትምህርት ቤት ዕረፍትን ጠብቆ አንድ ወር ብቻ መክፈል፣ በየሳምንቱ ቅዳሜ አንድ ፊልም ማየትና ወሩ ሲያልቅ ማቋረጥ ይቻላል። «ኩቦ» የሌላ ስቱዲዮ በመሆኑ ለብቻው መከራየት ያስፈልጋል። በአሜሪካና በአውሮፓ ከተሞች ለሚኖሩ ደግሞ ከሁሉ የረከሰው የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ነው፤ ብዙዎቹ ዲቪዲ በነፃ ያውሳሉ፣ መደርደሪያ ላይ ከሌለም ከሌላ ቅርንጫፍ ያስመጣሉ።

ፊልሙን ከመክፈታችሁ በፊት የቤተሰብ ፎቶዎቹን ከሻንጣው አውጥታችሁ ጠረጴዛ ላይ አኑሩ። ሲያልቅ ልጁ አንዱን ይምረጥና አያቱ በፎቶው ላይ ያሉትን ሰዎች ከግራ ወደ ቀኝ በስም ይጥሩለት፤ ከቅድመ አያት አልፈው እስከ ምንጅላት የሚያውቁ ከሆነ አታቋርጧቸው። ልጁ የሰማውን በፎቶው ጀርባ፣ በጠርዙ በኩል፣ ለስለስ ባለ እርሳስ ይጻፍ። እስክሪብቶ አይስጡት፤ ቀለሙ ወደ ፊት በኩል ዘልቆ ሥዕሉን ያበላሻል።